ኡ ፖ ታውንግ በጉበታቸው የያዙት ወርቅ

ሙሉ ስማቸው ኡ ፖ ታውንግ ይባላል፤ ዕድሜያቸው ስድሳ ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ነው። ሦስቱ ወር የተጠቀሰው እሳቸው ራሳቸው ስለማይተዉት ነው። በማንደሌ ከተማ የወርቅ ቀጥቃጮች ሰፈር አርባ ዘጠኝ ዓመት መዶሻ ሲያነሡና ሲጥሉ የኖሩ ሰው በመሆናቸው፣ ከትልቅ ነገር የምትተርፍ ትንሽ ነገር ስትጣል ማየት አይሆንላቸውም።

ሥራው ይህ ነበር። የወርቅ ቁራጭ በቀርከሃ ወረቀት መካከል ይደረደራል፤ ወረቀቱ በአጋዘን ቆዳ ይጠቀለላል፤ ጥቅሉ ከድንጋይ ጋር ይታሰራል፤ ከዚያ ይቀጠቀጣል። ወርቁ በትንፋሽ የሚበር፣ ጣት ላይ ሲያርፍ የማይሰማ፣ ምእመናን በቡድሃ ምስል ላይ የሚለጥፉት ቅጠል እስኪሆን መዶሻው አያርፍም። ጊዜው የሚለካው በግድግዳ ሰዓት አይደለም። ውሃ በሞላ ሸክላ ላይ ግማሽ የኮኮናት ቅርፊት ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ በመርፌ የተበሳች ቀዳዳ አለችው፤ በእሷ በኩል ውሃ እየጠጣ ቆይቶ ልክ በሦስት ደቂቃ ይሰጥማል። ሃያ ስጥመት አንድ ሰዓት ነው፤ የመጨረሻው ቅጥቀጣ መቶ ስጥመት ይፈጃል። ኡ ፖ ታውንግ ከዚህ የተነሣ ኑሯቸውን በሙሉ በስጥመት መለካት ለምዶባቸው ነበር። እንቁላል በሁለት ስጥመት ይበስላል። ከሚስታቸው ከዶ ንዌ ዪ ጋር የሚነሣ ጠብ በአማካይ ሰባት ስጥመት ይወስዳል፤ ከዚያም ውስጥ የእሳቸው የመናገር ድርሻ ከግማሽ ስጥመት በልጦ አያውቅም።

የቀጥቃጮች ቤት ሥርዓት ጥብቅ ነው። ቅጠሉ በሚቆረጥበት ክፍል ነፋስ አይገባም። ማስነጠስ የመጣበት ሰው ወደ ውጭ ይሮጣል፤ ሳይደርስ ካስነጠሰ መሐረቡን ለባለቤቱ ያስረክባል። ሠራተኛው ማታ ሲወጣ በአንድ ገንዳ ይታጠባል፤ የገንዳው ውሃ ይጣራል፤ ዝቃጩ ይቀልጣል። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ምንጣፍ በየዓመቱ ተቃጥሎ አመዱ ይነፋል። ኡ ፖ ታውንግ ፀጉራቸውን እንኳ የሚቆረጡት እዚያው ነበር፤ ፀጉሩም ይቃጠላል። በሕይወታቸው የሚኮሩበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በአርባ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት የወርቅ ቅንጣት ይዘው ከዚያ ደጃፍ ወጥተው አያውቁም። በእርግጥ በየወሩ፣ ጨረቃ ስትሞላ፣ ባለቤቱ የተቀደዱትን ቅጠሎች በሙዝ እየጠቀለለ ለሠራተኛው ሁሉ ያጎርስ ነበር፤ ለልብ ብርታት ይሰጣል ይባላል። ይህ ግን ወርቅ እንደ መውሰድ ተቆጥሮ አያውቅም። ነጥቡ ኋላ ይመለሳል።

ስድሳ ስድስት በሞላቸው ዓመት ኡ ፖ ታውንግ ሊመነኩሱ ተዘጋጅተው ነበር። በዘጠኝ ዓመታቸው፣ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ ለአንድ ክረምት ወደ ቡድሃ ገዳም ገብተው ነበር። መነኩሴ ከእኩለ ቀን በኋላ አይበላም። በዘጠነኛው ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ከእናታቸው ማድ ቤት መጣና ኡ ፖ ታውንግ የምንኩስና ልብሳቸውን እንደለበሱ ሮጠው ቤታቸው ገቡ። እናታቸው ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ አንድ ዓመት፣ ልጃቸው የሆነ ነገር ቃል በገባ ቁጥር፣ «ዘጠኝ ቀን» እያሉ ብቻ ይመልሱለት ነበር። እናትየው ሊሞቱ ሲሉ ኡ ፖ ታውንግ እጃቸውን ይዘው፣ «እማዬ፣ ስሸመግል እገባለሁ፤ ገብቼም አልወጣም» አሏቸው። እናትየው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ዘጠኝ ቀን» ብለው ዐረፉ።

ይህ ቃል የሚፈጸምበት ቀን ተቆርጦ ነበር፤ የክረምቱ ጽሞና ከመግባቱ ከአንድ ቀን በፊት። ኡ ፖ ታውንግ መዶሻቸውን ለሌላ ቀጥቃጭ ሰጥተዋል። ዶ ንዌ ዪም ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል፤ እንዲያውም በባላቸው የመኝታ ቦታ ባል የሞተባትን እህታቸውን አስገብተዋል። ከእንግዲህ መመለሻ አልነበረም።

በመካከሉ የሐሞት ጠጠር ታመሙና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ቀዳጁ ሐኪም የጉበታቸው መልክ አላማረውምና ከዳር ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶክተር ኪን ሳቤ የምትባል፣ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች በሰው አካል ውስጥ የሚያደርጉትን የምታጠና ወጣት ሐኪም ባልና ሚስቱን አስጠራቻቸው።

«አጎቴ፣ አይደንግጡ፤ መጥፎ ዜና አይደለም፤ እንግዳ ዜና ነው እንጂ» አለች፣ በአገሩ ልማድ ሽማግሌውን አጎቴ ብላ። «ጉበትዎ ውስጥ ወርቅ አለ።»

ኡ ፖ ታውንግ ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ ሌባ አይደለሁም!»

«ማን ሌባ አለዎት?»

«ገንዳው ውስጥ ታጥቤያለሁ። ፀጉሬን እዚያው ተቆርጫለሁ። ሄደሽ ጠይቂ!»

«ቁጭ በል አንተ ሰውዬ!» አሉ ዶ ንዌ ዪ። «አርባ ዓመት ሙሉ ለጆሮዬ ጉትቻ ብዬ ስለምንህ የለኝም ትለኝ ነበር። ለካ ለጉበትህ ገዝተህለታል!»

ዶክተር ኪን ሳቤ ሁለቱ ጸጥ እስኪሉ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ አስረዳች። ከቅጠሉ የሚረግፈው ብናኝ ከአንድ ፀጉር ውፍረት አራት ሺህ ጊዜ ሊያንስ ይችላል፤ ናኖ ቅንጣት የሚሉት ነው። በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከሳንባ ጥቂቱ ወደ ደም ይሾልካል።

«ደም ውስጥ ሲገባ ፕሮቲኖች ይሻሙበታል፤ ከራስ እስከ እግሩ ያለብሱታል። ከዚያ በኋላ ሰውነትዎ ወርቁን አያየውም፤ የሚያየው ልብሱን ነው። ጉበት ውስጥ ደግሞ በመንገድ ያለፈውን እንግዳ ሁሉ የሚውጡ ጠባቂ ሕዋሳት አሉ። ይውጡታል። ሊፈጩት ግን አይችሉም። ስለዚህ ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ይኖራሉ። አንዱ ሕዋስ ሲሞት ጎረቤቱ ይወርሰዋል።»

«ሳይጣሉ?» አሉ ዶ ንዌ ዪ።

«ሳይጣሉ።»

«ከእኛ ዘመዶች ይሻላሉ።»

ኡ ፖ ታውንግ ግን የሙያ ጥያቄ ነበራቸው። «ጥራቱ እንዴት ነው? ቢጫው ብሩህ ነው?»

«ቢጫ አይደለም፣ አጎቴ። ወርቅ ይህን ያህል ሲያንስ ቀይ ይሆናል፤ ወይን ጠጅ ይመስላል።»

«ቀይ ወርቅ ቀጥቅጬ አላውቅም» አሉ ኡ ፖ ታውንግ፤ በሕይወታቸው የዚህን ያህል የተሰደቡ አልመሰላቸውም። «ይወጣል?»

«በጣም ትንንሾቹ በኩላሊት አልፈው ከሽንት ጋር ይወጣሉ። ተለቅ ያሉት ይቀራሉ፤ ጥቂት ጥቂቱን ጉበት በሐሞት በኩል ይሸኘዋል። ዓመታት ይፈጃል። ሁሉም ይወጣል ብዬ አልዋሽዎትም። እስካሁን የጎዳዎት አይመስልም፤ በእርግጠኝነት ግን የሚያውቅ የለም።»

«በስንት ስጥመት?» አሉ ኡ ፖ ታውንግ። ሐኪሟ ጥያቄው አልገባትም።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሩዝ ኑድል የሚሸጥበት ጥግ ሲደርሱ ኡ ፖ ታውንግ እንደ ተቸነከረ ሰው ቆሙ። «ንዌ ዪ፣ መነኩሴ ወርቅ አይይዝም።»

«ዝም በል። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ጉበትህ ይወቅ፤ አንተ ዝም በል! እህቴ ፍራሿን አምጥታለች እኮ!»

በነጋታው ጠዋት ኡ ፖ ታውንግ የገዳሙ አለቃ በሆኑት በሳያዶ ኡ ናንዲያ ፊት ሦስት ጊዜ ሰገዱና ሁሉንም ተናገሩ። ሳያዶ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ ረጋ ያሉና ጉዳይ በራሱ ጊዜ እንዲፈታ መጠበቅ የሚወዱ ነበሩ። ይህ ጉዳይ ግን በራሱ ጊዜ የሚፈታ አልመሰላቸውምና የገዳሙን የሕግ አዋቂ ኡ ቴጃን አስጠሩ። ኡ ቴጃ የሥርዓቱን መጻሕፍት በቃላቸው የያዙ፣ ቀጭን፣ የሚናገሩትን በጣታቸው እየቆጠሩ የሚናገሩ መነኩሴ ናቸው።

«ሕጉ ግልጽ ነው» አሉ ኡ ቴጃ። «መነኩሴ ወርቅ አይቀበልም፤ አንድ። ሌላ ሰው እንዲቀበልለት አያደርግም፤ ሁለት። ሲቀመጥለትም እሺ አይልም፤ ሦስት። ይዞ ከተገኘ በማኅበሩ ፊት ይተወዋል። የተተወውን የሚጥል አንድ መነኩሴ ይመረጣል፤ እሱም የት እንደወደቀ ሳያይ፣ ምልክት ሳያደርግ ይጥለዋል።»

«ወርቁ ጉበት ውስጥ ከሆነስ?» አሉ ሳያዶ።

«ያው ነው። ይጣላል።»

«ጉበቱ ደግሞ ሰውየው ውስጥ ነው።»

ኡ ቴጃ ኡ ፖ ታውንግን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። «እንግዲያው የሚመረጠው መነኩሴ ጠንካራ መሆን ይኖርበታል» አሉ በሐዘን። «የት እንደወደቀ ሳያይ መጣሉ ነው የሚያስቸግረው።»

«ቀይ ነው ይላሉ፣ ክቡርነትዎ» አሉ ኡ ፖ ታውንግ፤ ምናልባት ይጠቅማቸው እንደሆነ።

«መልኩ ሕጉን አይለውጠውም። ወርቅ አረንጓዴ ቢሆንም ወርቅ ነው።»

ኡ ፖ ታውንግ ግን ከአርባ ዘጠኝ ዓመት ሥራ የተማሩት ዘዴ ነበራቸው፤ ነገሩ አልሳሳ ሲል ከሌላው ጎን መቀጥቀጥ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ከትልቁ የቡድሃ መቅደስ፣ ከፓጎዳው ደጃፍ ቆመው፣ በአምስት ምስክሮች ፊት፣ በጉበታቸው ያለውን ወርቅ በሙሉ ለፓጎዳው ለገሱ። ከእንግዲህ ወርቁ የእሳቸው አይደለም ማለት ነው።

የለገሱት ነገር በሰፈሩ ተሰማ። በነጋታው ጠዋት ሰባት ሰዎች በቤታቸው በር ላይ ተሰልፈው ነበር። የመጀመሪያው ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው ነበረ፤ በኡ ፖ ታውንግ ቀኝ ጎን፣ ከጎድን አጥንት ሥር፣ አንድ የወርቅ ቅጠል በአክብሮት ለጠፈና እጁን አጣጥፎ ወደ ኋላ ሄደ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ ኡ ፖ ታውንግ።

«የፓጎዳ ንብረት አይደሉም እንዴ፣ አጎቴ? ልጄ ፈተና አለባት።»

ሴቶቹ በሦስት እርምጃ ርቀት ቆሙ፤ በቡድሃው ምስል ላይ ቅጠል የሚለጥፈው ወንድ ብቻ ነውና። ዶ ንዌ ዪ ይህን ሲያዩ ፊታቸው በደስታ በራ። «እኔም ከፓጎዳ ንብረት አልጠጋም። ሩዝህን ራስህ አውጣ። ሽርጥህን፣ ሎንጂህንም ራስህ እጠብ።» ከዚህም አልፈው፣ እግር ወደ ቅዱስ ነገር አይዘረጋም በማለት የእህታቸውን ፍራሽ አዞሩ፤ የእህታቸው ራስ ከበሩ ጋር ሆነና በሩ አልዘጋ አለ።

ኡ ፖ ታውንግን ግን የሚያስፈራቸው ሌላ ነበር። ቅጠሉ በላብ እየተላቀቀ ይረግፋል፤ ብናኙ በአፍንጫቸው ዙሪያ በጠዋት ብርሃን ይበራል። ትንፋሻቸውን ያዙ። ሲያቅታቸው ትንሽ ሳቡ። «አትለጥፉብኝ!» ብለው ጮኹ። «ይጨመርብኛል!» ሰዎቹም ይህን እንደ ትሕትና ቆጠሩት።

ልግስናው ሦስት ቀን ሳይሞላው ኡ ቴጃ ሻሩት። መነኩሴ የራሱን ወርቅ እንደማይይዝ ሁሉ የፓጎዳንም ወርቅ ተሸክሞ አይዞርም፤ ስለዚህ ወርቁ ወደ ባለቤቱ ይመለስ ተባለ። ሰዎቹ ከበሩ ተበተኑ፤ ጫማ ሰፊው ብቻ ቅጠሉ ይመለስልኝ ብሎ ተከራከረ።

ምንኩስናው ሁለት ቀን ሲቀረው ሳያዶ ኡ ፖ ታውንግንና ሐኪሟን ወደ ገዳሙ አስጠሩ፤ ዶ ንዌ ዪ ከደጅ ተቀመጡ። ዶክተር ኪን ሳቤ እግሮቿን ወደ ጎን አጥፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ኡ ቴጃ መጠየቅ ጀመሩ።

«ወርቁን የያዘው ማን ነው? ሰውየው ነው ወይስ ሕዋሱ?»

«ሕዋሱ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«ሕዋሱ ሰውየው ነው ወይስ ሌላ ነው?»

ሐኪሟ አሰበች። ስድስት ዓመት በሕክምና ትምህርት ቤት፣ አራት ዓመት በምርምር አሳልፋለች፤ ይህን የጠየቃት አልነበረም። «ሰውየው ነው... እንበል።»

«ሰውየው ከሆነ ራሱ ይዟል። ሌላ ከሆነ ሌላ ሰው እየያዘለት ነው። ሁለቱም ተከልክሏል» አሉ ኡ ቴጃ፤ ሁለት ጣታቸውንም አጠፉ።

«ግን ሰውነቱ ወርቁን ነክቶት አያውቅም» አለች ሐኪሟ በመልሷ እየጋለች። «በፕሮቲን ተሸፍኖ ነው ያለው። የሚነካው ያለበሰውን ልብስ ብቻ ነው።»

«በጨርቅ ተጠቅልሎ የተሰጠ ወርቅም ወርቅ ነው።» ሦስተኛው ጣት ታጠፈ።

ሳያዶ በዚህን ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ። «ቴጃ፣ ሕጉ እሺ ማለትን አይጠይቅም? ተኝቶ ሳለ እቅፉ ውስጥ ወርቅ የጣሉበት መነኩሴ ጥፋተኛ ነው?»

ኡ ቴጃ የታጠፉትን ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ። «እሺ ካላለ አይደለም፣ ሳያዶ።»

«ልጄ፣ ወርቁ ሲገባ ይህን ሰው አስፈቅዶታል?» አሉ ሳያዶ ወደ ሐኪሟ ዞረው።

«በትንፋሽ የሚገባ ነገር አያስፈቅድም፣ ሳያዶ» አለች ሐኪሟ። የኡ ፖ ታውንግ ፊት እንደ ተከፈተ መስኮት ሆነ፤ ዶ ንዌ ዪ ከደጅ ሆነው እፎይ ሲሉ ተሰማ። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

«ሙዙ አለ» አሉ ኡ ፖ ታውንግ።

ከደጅ የዶ ንዌ ዪ ድምፅ መጣ። «አንተ ሰውዬ!»

«ጨረቃ በሞላች ቁጥር ወርቅ በሙዝ በልቻለሁ። ስድስት መቶ ስድስት ጨረቃ ነው። ሁለት ጊዜ ታምሜ ቀርቻለሁ፤ ስድስት መቶ አራት። አፌን የከፈትኩት ራሴ ነኝ።»

ሁሉም ወደ ሐኪሟ ዞሩ። የተበላው ቅጠል በአብዛኛው አንጀትን አልፎ እንዳለ እንደሚወጣ፣ ጥቂት ደቃቅ ብናኝ ግን ሾልኮ ደም ውስጥ መግባት እንደሚችል አስረዳች።

«እንግዲያው ጉበቱ ውስጥ ያለው የትኛው ነው?» አሉ ኡ ቴጃ። «የተነፈሰው ወይስ የበላው?»

«አይታወቅም። አንዴ ደም ውስጥ ከገባ ሁሉም የሚለብሰው አንድ ዓይነት ነው። በየት በር እንደገባ አይናገርም።»

የተቆረጠው ቀን ደረሰ። ምንኩስና በሚሰጥበት አዳራሽ ዘጠኝ መነኮሳት ተቀመጡ። ኡ ፖ ታውንግ ራሳቸውን ተላጭተው ነበር፤ ፀጉራቸውን የሚያቃጥል ሰው ስለሌለ፣ ከአርባ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣር ላይ ሲበተን ቆመው አይተውታል። ለገዳሙ ስጦታም አምጥተዋል፤ የኮኮናት ቅርፊታቸውን ከነሸክላው። ሚስታቸውና የሚስታቸው እህት ከደጅ ተቀምጠዋል።

ኡ ቴጃ በጥንቱ ሥርዓት ጠየቁ። «ሰው ነህን?»

«ሰው ነኝ።»

«ዕድሜህ ሃያ ሞልቷልን?»

«ከአርባ ስድስት ዓመት ከሦስት ወር በፊት ሞልቷል።»

«ቤተ ሰብህ ፈቅዶልሃልን?»

«ፈቅጃለሁ!» አሉ ዶ ንዌ ዪ ከደጅ። «ደግሜ ፈቅጃለሁ!»

«የምጽዋት መቀበያ ሳሕንህና ልብስህ ሙሉ ነውን?»

«ሙሉ ነው።»

ኡ ቴጃ ወደ ሳያዶ ተመለከቱ። ሳያዶም አሉ፦ «ከእንግዲህ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው። እኔ አልመልስልህም፤ መጻሕፍቱም አይመልሱልህም። ጉበትህ ውስጥ ያለውን ወርቅ እሺ ብለህ ተቀብለሃል? አልተቀበልኩም ካልክና እውነት ከሆነ፣ ዛሬ እዚህ ገዳም ታድራለህ። ተቀብያለሁ ካልክ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ውሸት ከሆነ ደግሞ ልብሱ ልብስ አይሆንልህም።»

«አላውቅም ብልስ፣ ሳያዶ?»

«አላውቅም መልስ አይደለም፤ ዘጠኝ ቀን ነው እንጂ» አሉ ሳያዶ። የኡ ፖ ታውንግን እናት ያውቋቸው ነበር።

ከዚያም ያ የኮኮናት ቅርፊት እንዲቀርብ አዘዙ፤ እስኪሰጥም እንጠብቅሃለን አሉ። ቅርፊቱ ውሃው ላይ ተቀመጠ። ኡ ፖ ታውንግ ቀዳዳዋን የበሱት ራሳቸው ስለሆኑ ስንት ጊዜ እንዳላቸው ያውቃሉ። ቀኝ እጃቸውን ከጎድን አጥንታቸው ሥር አሳረፉ። እዚያ ውስጥ፣ ምንም ሳይሰማቸው፣ አንድ ሕዋስ እየሞተ ለጎረቤቱ ቀይ ነገር ያወርስ ይሆናል፤ ጎረቤቱም ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። በደጅ የሚስታቸው እህት ፍራሿን ልታወጣ ወይም ላታወጣ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። ውሃው የቅርፊቱን ግማሽ አልፏል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ዛሬ ጠዋት ምን እንደተነፈስህ ሳትጠይቅ ተንፍሰሃል፤ ያጎረሱህንም ጎርሰሃል። ቅርፊቱ ሳይሰጥም ለኡ ፖ ታውንግ ንገራቸው፦ በየትኛው በር እንደገባ የማይናገርን፣ ሰውነትህ የራሱን ልብስ ያለበሰውን ነገር፣ ተቀብለኸዋል ወይስ አልተቀበልከውም?